እትዬ አመረች ከግድግዳው ወዲያ

ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርት ልገዛ ኮልፌ ገበያ ገብቼ ነበር። ከበርበሬ ተራው ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ሳቋርጥ የቆጮ ሽታ ተቀበለኝ። ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሆምጣጣ ነው፣ ውስጡ እርጥብ ቅጠልና አፈር አለ፣ ልብስ ላይ ካረፈ በአንድ እጥበት አይለቅም። አንዲት ወጣት ሴት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን ቆጮ ፈትታ፣ ጣውላ ላይ አድርጋ፣ ቃጫውን በቢላ ትከትፋለች። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። እግሬ ቆመ። ከኋላዬ ጆንያ የተሸከመ ሰው “እለፊ እንጂ እህቴ፣ መንገድ ነው!” እያለ ሲቆጣ ይሰማኛል፤ ቶሎ መንቀሳቀስ ግን አልቻልኩም።

ልጅ ሆኜ በዚህ ሽታ ውስጥ ነው ያደግሁት። እኛ ቤት ግን ቆጮ ተበልቶ አያውቅም። ሽታው የጎረቤታችን የእትዬ አመረች ነበር።

የዚያን ጊዜ ግቢያችን ከአየር ጤና ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አምስት ቤተሰብ በአንድ የውሃ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት የሚኖርበት፣ በዛገ ቆርቆሮ የታጠረ የቀበሌ ግቢ ነው። ነፋሱ ከቆሼ በኩል ሲነሳ የቆሻሻ መጣያው ጭስ እስከ አልጋችን ድረስ ይገባል፤ ገመድ ላይ የዋለ ነጠላ ግራጫ ሆኖ ይነሳል። እናቴ ይታይሽ ከጎጃም መጥታ፣ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥራ እኔን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች። ከእትዬ አመረች የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም ጣሪያው ጋ አይደርስም። ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ስለነበር የእነሱ ሳል እኛ ቤት ያስላል፣ የእኛ ወጥ ሲያርር እነሱ ቤት ይታወቃል።

እትዬ አመረች ከከምባታ የመጡ፣ አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው የሚከድኑ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው ጋሽ ማቴዎስ ግንበኛ ናቸው። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ሊዲያ፤ እኩያዬ ናት፣ አንድ ክፍል ነበርን። እትዬ አመረች ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ገበያ ቆጮ ይሸጣሉ። እሑድ ከታች በቆርቆሮ ወደተሠራችው የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በየቀኑ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ በከምባትኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ። ገና ዓይኔን ሳልገልጥ የምሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነበር። ቃሉ አይገባኝም። ሲለማመጡ፣ ሲከራከሩ፣ አንዳንዴም እንደ መሳቅ ሲሉ ግን ይሰማኛል።

እናቴ ይህን አትወድም ነበር። እሷ ውዳሴ ማርያሟን በከንፈሯ ብቻ የምትደግም ሰው ናት። አንዳንድ ጠዋት ሲብስባት የሙቀጫውን ዘነዘና አንስታ ግድግዳውን ትደበድባለች።

“ኧረ በእግዜር! ደንቆሮ እኮ አይደለም፣ ቀስ ብትዪም ይሰማሻል!”

ከግድግዳው ወዲያ ድምፁ ዝቅ ይላል። ትንሽ ቆይተው እትዬ አመረች ትኩስ የተጋገረ ቆጮ በሰሃን ይዘው በራችን ላይ ይቆማሉ። “ይታይሽ፣ ቀስቅሼሽ ከሆነ ይቅር በይኝ” ይላሉ። እናቴ ሰሃኑን ተቀብላ ታመሰግናለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ቆጮውን ለግቢው ውሻ ትሰጠዋለች። እኔ ግን ከሊዲያ ጋር ተደብቄ እበላ ነበር፤ እናቴም አፌን አሽትታ ታውቅብኝ ነበር።

አምስተኛ ክፍል በነበርን ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጋሽ ማቴዎስ ቤቴል አካባቢ ከሚሠሩበት ሕንፃ ወደቁ። ዝናብ ያራሰው የባሕር ዛፍ እርብራብ ነው የከዳቸው። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝተው የመጡ ቀን የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። እኔንና ሊዲያን በሁለት ትከሻቸው ተሸክመው እስከ ፌርማታው የሚሮጡት ረጅም ሰው፣ በፒክአፕ ጀርባ ላይ ፍራሽ ላይ ተጋድመው ነው የመጡት። አራት ወንዶች በፍራሹ አነሷቸው። እግራቸው እንደ ሌላ ሰው እግር ተንጠልጥሎ ነበር። ጋሽ ማቴዎስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ሰው እንዳያያቸው ሳይሆን ሰው እንዳያዩ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ሲባል አጭር ነው፤ እትዬ አመረች ግን በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ነበር የኖሩት። ጋሽ ማቴዎስ በአንድ ጎን ብዙ ከተኙ ገላቸው ይቆስላል ተብሏል። ስለዚህ እትዬ አመረች ጠዋት አገላብጠዋቸው ገበያ ይወርዳሉ፤ ረፋድ ላይ ቆጮውን ለጎን ነጋዴ አደራ ብለው፣ ዳገቱን እየሮጡ መጥተው ያገላብጧቸዋል፤ ደግሞ ይወርዳሉ። እንዲያም ሆኖ ቆሰሉ። ወገባቸው ስር ጡጫ የሚያስገባ ቁስል ተከፈተ። የቆጮው ሽታ፣ የቁስሉ ሽታና የበረኪናው ሽታ ተቀላቅሎ በግድግዳው አናት ወደ እኛ ይመጣ ነበር። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ትተኛለች። ስለ ሽታው ግን አንድም ቀን ምንም አላለችም።

የጠዋቱ ጸሎት አልቀረም። ድምፁ ጎርነን አለ እንጂ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ አመረች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በትልቁ ባኞ አንሶላ ያጥባሉ። ውሃው ቀልቷል። እኔ ልጅ ነኝ፣ የመጣልኝን ነው የምናገረው።

“እትዬ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚጸልዩት? አልሰማዎትም እኮ።”

ማጠባቸውን አላቆሙም። የተናደዱ መስሎኝ ልሄድ ስል ነው የመለሱልኝ።

“ማቴዎስን ሳገላብጠው ከባድ ነው፣ ታውቂያለሽ። አንዳንድ ቀን በወዲያ በኩል የሚይዝልኝ ያለ ይመስለኛል። አንሶላውን ስስብ ይቀልልኛል።” አንሶላውን ጠምዝዘው ጨመቁ። “አንዳንድ ቀን ደግሞ ማንም ያለ አይመስለኝም።”

“ያን ቀንስ ምን ያደርጋሉ?”

“ያን ቀንም አገላብጠዋለሁ” አሉ።

በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሌላ ሰፈር አንድ ሰባኪ መጣ። ከእትዬ አመረች ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ሽባ ያስነሳል ሲባል የሰማ አንድ ዘመድ ነው ያመጣው። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ጫማው ሹል ነው፣ አብረውት አምስት ስድስት ሰዎች አሉ። እኔና ሊዲያ ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ጸሎቱ በዝማሬ ጀመረ፣ ቀስ በቀስ ጩኸት ሆነ። ሰውየው ጋሽ ማቴዎስ ግንባር ላይ እጁን ጭኖ ላቡ እስኪንጠባጠብ ጮኸ። ከዚያ በድንገት ዝም አለና ዞሮ ቤቱን አየው።

“በዚህ ቤት ያልተናዘዙት ኃጢአት አለ” አለ። “እሱ ነው የያዘው።”

ጋሽ ማቴዎስ ጣሪያውን እያዩ ነበር። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ሲወርድ አየሁ። እኔ እስከዚያ ቀን ትልቅ ሰው፣ ያውም ወንድ፣ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

“በስሙ ተነስ!” አለ ሰውየው። አብረውት ከመጡት ሁለት ጎረምሶች በጋሽ ማቴዎስ ብብት ገብተው አነሷቸው። እትዬ አመረች ጓሮ ውሃ እያሞቁ ነበር፤ ጩኸቱን ሰምተው ሲሮጡ ገቡ። ጎረምሶቹ ለቀቋቸው። ጋሽ ማቴዎስ ለአንዲት ቅጽበት የቆሙ መሰሉ። ወዲያው እንደ ባዶ ከረጢት ተጣጥፈው ወደቁ፤ ጭንቅላታቸው የአልጋውን ብረት መታ። ሊዲያ ጮኸች። ማንም ሊያነሳቸው ጎንበስ አላለም። ሁሉም ሰውየውን ነው የሚያየው።

“እምነት ጎድሏል” አለ፣ ወደ እትዬ አመረች እያየ።

እትዬ አመረች ባላቸው አጠገብ ተንበርክከው፣ ደሙን በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ቀና አሉ። ተሳድበው የማያውቁ ሴት ናቸው፤ ያን ቀንም አልተሳደቡም።

“ይጉደል” አሉ። “የጎደለውን እሱ ያውቃል። አንተ ዛሬ ነው የመጣኸው፤ ጌታ እዚህ ቤት ከገባ ቆይቷል። ባሌ ሽንት ሲያመልጠው ሳጥበው አብሮኝ አለ። ቁስሉን ስጠርግ አብሮኝ አለ። ሳያስነሳው አለ። አሁን ውጡልኝ፣ ባሌን ላንሳው።”

“እኅቴ፣ መንፈስን አታሳዝኚ…”

“ውጡልኝ አልኩ!”

ያን ጊዜ ነው እናቴ በሩ ላይ የቆመችው። በግድግዳው አናት ሁሉንም ሰምታለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋለች፣ ዘነዘናውን በእጇ ይዛለች፤ ምን ልታደርግበት እንዳሰበች እስካሁን አላውቅም። ሰዎቹ አንድ በአንድ በጎኗ አልፈው ወጡ። ዘነዘናውን በሩ ጥግ አስቀመጠችና ገባች። ስምንት ዓመት ጎረቤት ሆና ያን ደፍ ስትሻገር የመጀመሪያዋ ነበር። አንዷ በትከሻ፣ አንዷ በጉልበት ይዘው ጋሽ ማቴዎስን አልጋው ላይ መለሷቸው።

“በዚህ በኩል ልያዝልሽ” ስትል ሰማኋት እናቴን።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ አመረች ዝም አሉ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ድምፅ የለም። ማክሰኞም የለም። ረቡዕ ነቅቼ አዳምጣለሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው የጋሽ ማቴዎስ ትንፋሽ ብቻ ነው። ቤታችን የሰው ቤት መሰለኝ። እናቴም አልተኛችም፤ ስትገላበጥ ይሰማኛል። ሐሙስ ተነስታ ተቀመጠች፣ ትንሽ አመነታችና ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች።

“አመረች።”

“አቤት፣ ይታይሽ።”

“ምነው ዝም አልሽ?”

“ምን እንደምለው ጠፋኝ” አሉ እትዬ አመረች።

“የሆነ ነገር በይው። ዝም ስትዪ እኔም ያዞረኛል።”

እትዬ አመረች ጀመሩ። ጸሎት ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። እናቴ በወዲህ በኩል ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ውዳሴ ማርያሟን ደገመች። በኋላ ብርሃን ሲሆን ሁለቱም ስለዚህ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ቧንቧው ጋ ተሰልፈው ውሃ ቀዱ።

ጋሽ ማቴዎስ በሦስተኛው ዓመት፣ ቁስሉ ደማቸውን መርዞት፣ አንድ ጠዋት ሊዲያ ሻይ ስታቀርብላቸው ሞተው ተገኙ። በወንጌላውያን መቃብር ተቀበሩ። እናቴ፣ የማታውቀው መዝሙር ሲዘመር እጇን አጣምራ፣ እስከ መጨረሻው ቆማ ነበር። እትዬ አመረች መቃብር ላይ አልጮኹም። ስንመለስ ግን፣ ፍራሹ የተነሳበትን ባዶ የብረት አልጋ ሲያዩ፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉና መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

“አሁን ማንን ላገላብጥ?” አሉ።



ግቢው የፈረሰው እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። እኛ ወደ አስኮ ሄድን፣ እትዬ አመረችና ሊዲያ ሌላ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እናቴና እሳቸው በስልክ አይጠፋፉም ነበር። እኔ ግን ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፤ በዓል ሲሆን “እንኳን አደረሰዎ” ከማለት ያለፈ አልጠየቅኋቸውም። ያሳፍረኛል።

ከአራት ዓመት በፊት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ የልጄ ልብ ቆመ። ሞታ ነው የወለድኳት። ሴት ነበረች፣ ጥቁር ፀጉር ነበራት። ለአንድ ደቂቃ አሳይተውኝ ወሰዷት። እንዲህ ላለ ሞት ድንኳን አይተከልም፣ ፍትሐት የለም፣ እድርተኛ አይመጣም። የመጣው ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፦ “ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ።” “እንኳን አንቺ ተረፍሽ።” ባለቤቴ የገዛነውን የሕፃን ልብስ በካርቶን አድርጎ የት እንደወሰደው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ጸሎት አቆምኩ። የምለው ስለጠፋኝ አይደለም፤ ላናግረው ስላልፈለግሁ ነው።

በአሥረኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። እትዬ አመረች ነበሩ። እናቴ ነግራቸው፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው መጡ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ አጥረዋል። ወንበር ሲቀርብላቸው እምቢ አሉ፤ አልጋዬ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና በብርድ ልብሱ ላይ እግሬን ያዙት። ከዚያ፦

“ማን ልትዪያት ነበር?” አሉኝ።

በአሥር ቀን ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

“ሩት” አልኳቸው።

“ሩት” አሉ ቀስ ብለው፣ እንዳይሰበር እንደሚይዙት ነገር። አለቀሱ። በአሥር ቀን ውስጥ መጀመሪያ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። በቋንቋቸው ጸለዩ። የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የልጄ ስም።

ሲጨርሱ ተናደድኩባቸው። “እትዬ፣ ያን ቀን ጌታ የት ነበር? ይንገሩኝ። የት ነበር?”

“አላውቅም፣ ልጄ” አሉ። “እኔም ሁለቱን ወንዶች ልጆቼን አገር ቤት ስቀብር ጠይቄዋለሁ። በአንድ ሳምንት ነው ኩፍኝ የወሰደብኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።” እግሬን አጥብቀው ያዙት። “ግን አልሄደም። መልስ ሳይሰጠኝ አብሮኝ ቁጭ ብሏል። ከዚህ የበለጠ የምነግርሽ የለኝም።”

ያን ሁሉ ዓመት አንድ ግድግዳ ተካፍለን ስንኖር፣ ከሊዲያ በፊት ልጆች እንደቀበሩ አላውቅም ነበር። “ማን ነበር ስማቸው?” አልኳቸው።

“ጴጥሮስ” አሉ። “ትንሹ ተስፋዬ።” ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። “ጠሪ አጥተው ነበር፣ አየሽ።”

እትዬ አመረች ዘንድሮ ኅዳር ላይ ሞቱ። ሦስት ወር ታመው ነበር፤ ሊዲያ እንደነገረችኝ ሞታቸው ቀላል አልነበረም። ሕመሙ ሲጠና ይጮኹ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት እሷ ናት በየሰዓቱ ያገላበጠቻቸው። ለቅሶው ላይ ሰው ቀለል ሲል ሊዲያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

“ከእኔ በፊት ወንድሞች እንደነበሩኝ ዘመዶች ሲያወሩ እሰማ ነበር” አለችኝ። “እማዬን ደፍሬ ጠይቄያት አላውቅም። ስማቸውን እንኳ ሳላውቅ ሞተችብኝ።”

እጇን ያዝኩ። “ጴጥሮስ ነው ታላቁ” አልኳት። “ትንሹ ተስፋዬ ነው።”

ሊዲያ ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ሁለቱን ስሞች ደጋግማ ስትላቸው አየኋት።